ቀዩ የዶሮ ቤትና የአባቴ ዝናብ

አባቴ ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም የመጣው እኔን ሊጠይቅ እንጂ ሆዱን ሊከፈት አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ከሚኒባስ ወረደ። ዓርብ ምሳ ላይ ቀኝ ጎኑን ይዞ ተጣጠፈ። ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጥቶ «ትርፍ አንጀት ነው፤ በሰዓቱ ደርሳችኋል» አለኝ። አባቴ ሲነቃ ይህንኑ ነገርኩት። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ትንሽ አሰበና፣ «ሰባ ዓመት አብሮኝ ኖሮ አሁን ምን አስቀየመው?» አለ።

እኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ስለነበር ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ነበርኩ። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው። ለእኛ ቅርብ የሆነው፣ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ላይ የወግዲ ሰው፣ የጨርቅ ነጋዴ ተኝቷል። ከጭነት መኪና ላይ ጣቃ ሲያወርድ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ፣ ከጭኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ጀሶ ውስጥ ነው። ሃምሳ ዓመት ቢሞላው ነው። አባቴን ገና ከቀዶ ጥገና ሲያስገቡት ከትራሱ ቀና ብሎ፣ «አፊያ ያድርግዎት አባቴ! አብሽሩ፣ ከዚህ ክፍል በእግሩ የማይወጣው እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ተቀበለን።

የክፍሉ ነርስ ወጣት ናት፤ ሁላችንም «ሲስተር» እንላታለን። ቀጭን ድምፅ አላት፣ ቁጣዋ ግን ወፍራም ነው። በመጀመሪያው ቀን አባቴ አልጋ አጠገብ ቆማ እንዲህ አለችው፦

«አባባ፣ ስፌቱ እስኪድን ከባድ ነገር አያነሱም። ሲያስልዎት ትራሷን ሆድዎ ላይ ጫን ያድርጉ። ደግሞ ሳቅ የለም።»

«ሳቅ?»

«አዎ። ሳቅ ስፌት ያሳምማል።»

«እዚህ ቤት ደግሞ ምን የሚያስቅ ነገር አለና ነው ልጄ?»

ነጋዴው ከመስኮቱ በኩል «እኔ አለሁ» አለ።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዝናብ ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ከቤታችን ጀርባ፣ ከጥድ አጥር ውስጥ፣ አፉ ሰፊ የሆነ፣ ከውስጡ ጠርሙስ ያለው ቆርቆሮ ተተክሎ ነበር። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ሄዶ የተጠራቀመውን ውሃ መስመር ባለው ብርጭቆ ይለካል፣ ቁጥሩን በመዝገብ ያሰፍራል፣ በወሩ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ በፖስታ ይልካል። ሥራው ከጊዜ ብዛት ጠባዩ ሆነ። እናቴ ተቆጥታ «መቶ ጊዜ ነግሬሃለሁ!» ስትለው፣ በትሕትና «አራት ጊዜ ነው» ይላታል። ልጆች ሆነን «ብዙ ሰው መጣ» ካልነው «ስንት?» ሳይል አያልፈንም። የማያውቀውን ቁጥር አይናገርም፤ የተናገረውን ደግሞ አይለውጥም። አቀስታ ውስጥ ሰው ሲከራከር «እስቲ እሱን ጠይቁት» የሚባለው ለዚሁ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው አልጋ ላይ ሲውል ምን ይሠራል? የመጀመሪያ ቀን የግሉኮሱን ጠብታ በሰዓት ቆጠረ። በሁለተኛው ቀን የጣሪያውን ቆርቆሮ ምስማር ቆጠረ። በሦስተኛው ቀን ነጋዴው ሲያንኮራፋ ይቆጥር ጀመር፣ ሲነቃም ነገረው። ነጋዴው «ወላሂ፣ እኔ እንኳ ያላወቅሁትን ሒሳብ ያዙብኝ!» ብሎ ሳቀ፤ አባቴ ግን አልሳቀም። መሰልቸቱ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ላፕቶፔን ከቤት ያመጣሁት።

ላፕቶፑ ላይ አንድ ያረጀ የአሜሪካ ኮሜዲ ነበረኝ። የሥራ ባልደረባዬ በፍላሽ የሰጠችኝ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ ክበብ ላሳየው አስቤ እስከዚያ ቀን ራሴም አይቼ አልጨረስኩትም። ቀለም የለውም፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ወንዶቹ ሁሉ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ሴቶቹ ወገባቸው እንደ ብርሌ አንገት ነው። የአባቴን አልጋ ራስጌ ቀና አድርጌ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና ከፈትኩለት። ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ፣ «ምን እያሉ ነው?» አለኝ። መተርጎም ጀመርኩ። ነጋዴው ከወዲያ፣ «እህቴ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፤ እኔም ቤተሰብ ነኝ» አለ። ከዚያ ግድግዳ በኩል ያሉት አስታማሚዎች ፍራሻቸውን እየጎተቱ መጡ። ሳላስበው ለዘጠኝ ሰው አስተርጓሚ ሆንኩ።

ታሪኩ ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ዶሮ አርቢ አለ። ደግ ሰው ነው፣ ለማንም ክፉ አልሠራም። የዶሮ ቤቱ ቀለም ሲላላጥበት ርካሽ ቀለም አገኘና ቀባው። ቀለሙ ቀይ ነው። ይኸው ነው ጥፋቱ። ጎረቤቱ የሆነች አንዲት ሴት በመስኮቷ በሩቅ ማሳያ መነጽር አይታ ወደ ፖሊስ አዛዡ ሮጠች። አዛዡ ወደ ከንቲባው ሮጠ። በማግሥቱ ከተማዋ ውስጥ ኮሚኒስት ገብቷል ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ።

«ቆይ ቆይ» አለ ነጋዴው። «ቀለሙ ቀይ ነው አልሽን?»

«አዎ።»

«በምን አወቅሽ? እኔ ግራጫ ነው የማየው። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጫለሁ፤ ይሄ ግራጫ ነው።»

«ቀይ ነው እያሉ ነው የሚያወሩት።»

«በወሬ ብቻ?»

«በወሬ ብቻ።»

«እንዲያማ ከሆነ ሰውዬው በወሬ ነው የሚታሰረው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አባቴ ከንፈሩን ነከሰ፣ ትራሷን ሆዱ ላይ ጫነ።

እኔም ትርጉሙ ጣመኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ ቃል በቃል ስተረጉም እንቅልፍ የሚወስዳቸው ተማሪዎች አሉኝ፤ እዚህ ግን ከንቲባው አፉን በከፈተ ቁጥር ስድስት በሽተኛና አስታማሚዎቻቸው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ስለዚህ ከንቲባውን እንደ ወረዳ አስተዳዳሪ አናገርኩት። «ጓዶች፣ ጉዳዩ በጥልቀት ይታያል!» አልኩ። የኮሚቴው አባላት ተራ በተራ እየተነሱ ኮሚኒስት አለመሆናቸውን ይምላሉ። የማለ ሁሉ ደግሞ ያልማለውን ይጠረጥራል። ሁሉም ከማሉ በኋላ፣ ቀድሞ የማለው ለምን ቸኮለ ተብሎ እንደገና ጥርጣሬ ይነሣል። ዶሮ አርቢው ለጎረቤቶቹ እንቁላል በነፃ ያድል ስለነበር ያም ማስረጃ ሆነ፤ ለእያንዳንዱ ቤት እኩል ስድስት ስድስት ነው የሰጠው። «እኩል ማካፈል የማን ጠባይ ነው?» ይላል ከንቲባው ጠረጴዛውን እየመታ።

አባቴ ፊልሙን አስቆመኝ። ፊቱ ላይ ከዚህ ቀደም አይቼው የማላውቀው መገረም ነበር።

«እነዚህ አሜሪካኖች ናቸው አይደል?»

«ናቸው አባዬ።»

«ኮሚኒስት ይፈሩ ነበር?»

«በዚያ ዘመን በጣም ይፈሩ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠቁም ነበር። ከሥራቸው የተባረሩ፣ የታሰሩም አሉ። ፊልሙ የሚቀልደው በዚያ ነው።»

«በራሳቸው ነው የሚቀልዱት?»

«በራሳቸው።»

 ከዚያ «ለእኛ ግን አሜሪካ ምንም አትፈራም ነበር የተባልነው» አለና ቀጥይ ብሎ በእጁ አሳየኝ።

ቀጠልኩ። የፖሊስ አዛዡ በመጨረሻ ሽጉጡን መዝዞ በእግሩ ጣት እየተራመደ ወደ ዶሮ ቤቱ ይሄዳል። ከውስጥ እንግዳ የሆነ ድምፅ ይሰማል። ከንቲባው የለም፣ መነጽር ያላት ሴትም የለችም፤ የት እንደገቡ አይታወቅም። አዛዡ የበሩን እጀታ ያዘ። ላፕቶፑ ያን ጊዜ ጨለመ። ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም፣ ባትሪው አለቀ። ጀኔሬተሩ የሚሠራው ለቀዶ ጥገናው ክፍል ብቻ ነው።

የተነሣውን ጩኸት አልረሳውም። ነጋዴው እግሩ የተሰበረ ዕለት እንኳ እንዲህ የጮኸ አይመስለኝም። «ምን አለ ውስጡ? እህቴ፣ በአላህ፣ ምን አለ?» አለኝ። እኔም አላውቅም። አልጨረስኩትማ! አንዱ «ቦምብ ነው» አለ፣ አንዷ አስታማሚ ደግሞ ዶሮዎቹ ራሳቸው ኮሚኒስት ሆነው ይሆናል አለች። በዚህ መሐል ነው አባቴ በዝግታ እንዲህ ያለው፦

«እዚያ ቀይ ቀባህ ብለው አሰሩ። እዚህ ደግሞ ነጭ ቀባህ ብለው አሰሩን።»

ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን።

አባቴ በደርግ ዘመን መታሰሩን አውቅ ነበር። የማውቀው ግን ያንን ብቻ ነው። እኔ ሳልወለድ የሆነ ነገር ነው፤ ቤታችን ውስጥ ከተነሣ እናቴ ወዲያው ወሬ ትለውጣለች፣ አባቴም አይጨምርበትም። በዚያ ጊዜ ከዚያ ላነሰ ነገር ሄደው ያልተመለሱ ነበሩና አልጠየቅነውም። አሁን ግን ማንም ሳይጠይቀው፣ ትራሷን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ከፊልሙ የቀጠለ ታሪክ ይመስል ያወራ ጀመር።

ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ካገባ ዓመት አልሞላውም። ወደ አቀስታ አዲስ ካድሬ ተመደበ። ከቆላ የመጣ ወጣት ነው፣ ብርዱን አልለመደም፣ በጋቢ ላይ ካፖርት ደርቦ ይሄዳል። አንድ ቀን ቤቶቹን ሲያይ ከጥድ አጥሩ ውስጥ ያለውን ቆርቆሮ አየ። በዙሪያው ያለው እንጨት ነጭ ቀለም ተቀብቷል።

«ሁሉ ነገር ቀይ በሆነበት ጊዜ ይሄ ለምን ነጭ ሆነ?» አለ ካድሬው።

«ሲመጣም ነጭ ነው» አለው አባቴ።

«ከየት ነው የመጣው?»

«ከአዲስ አበባ።»

«እዚያስ ከየት መጣ?»

አባቴ ውሸት አያውቅምና ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አነበበለት። የውጭ አገር ስም ነው። ከዚያ መዝገቡ ተወሰደ፣ አባቴም ተወሰደ፤ የገበሬ ማኅበሩ እህል መጋዘን ውስጥ ገባ። በማግሥቱ ካድሬው መዝገቡን ከፍቶ ይመረምረው ጀመር። አባቴ የካድሬውን ድምፅ እያስመሰለ ሲነግረን እንደዚያ ተዋናይ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

«ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?»

«ዝናብ ነው ጓድ።»

«ዝናብ በቁጥር አይዘንብም። ስንት ኪሎ ነው?»

«በኪሎ አይለካም፣ በሚሊ ሜትር ነው።»

«ሜትር የሚለካው መሬት ነው። መሬት ነው እየለካህ የምትልክላቸው? እሺ፣ ይሄ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ምንድን ነው?»

«ዝናብ አልዘነበም ማለት ነው።»

«ካልዘነበ ለምን ተጻፈ?»

«አለመዝነቡ እንዲታወቅ።»

«አለመዝነቡንማ ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል! ማን እንዲያውቀው ነው የምትልከው?»

አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ መናገር አቃተው። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ዕንባው ይወርዳል፣ «ኧረ ሆዴን» ይላል፣ ግን አያቆምም። ነጋዴው ጀሶውን በቡጢ እየመታ ይስቃል።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። መዝገቡ ገጽ በገጽ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ነው። ካድሬው ለዚያ ሁሉ ዜሮ አንድ ትርጉም ብቻ አገኘለት፤ የምስጢር ቋንቋ ነው። አባቴ የኢምፔሪያሊስት ሰላይ ተባለ። ይህ ቃል በዚያ ጊዜ ምን ያህል እንደሚከብድ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ትልልቆች ሁሉ ያውቃሉ፤ ለአንድ አፍታ ሳቁ ቆሞ ነበር። አባቴ ራሱ ነው መልሶ የለቀቀው። «ብቻ ልጁ ክፉ አልነበረም» አለ። «ፈርቶ ነው። እኔን ሰላይ ነው ብሎ ካላሰረ፣ ለምን አላሰርክም ብለው እሱን ያስሩታል። ሁለታችንም አንድ መጋዘን ውስጥ ነበርን፤ እሱ በውጭ በኩል።»

አባቴ መላ አቀረበ። መለኪያው በእውነት የዝናብ መሆኑን ለማየት ዝናብ እስኪዘንብ ይጠበቅ፤ ከዘነበና ውሃ ከተገኘበት ይፈታል፣ ካልሆነ የፈለጉትን ያድርጉ። ካድሬው ተስማማ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ራሱ ሄዶ ያይና ወደ መጋዘኑ መጥቶ በበሩ ቀዳዳ «ዜሮ ነጥብ ዜሮ!» ይላል። አባቴ ለመዝገቡ መጓደል ይጨነቅ ስለነበር «እባክህ ጻፈው» ብሎ ለመነው። እሱም ይጽፍለት ጀመር። ሰላይ ተብሎ የተያዘው ሰው ታስሮ፣ አሳሪው የሰላዩን ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ይህ ለአሥር ቀን ቀጠለ። በታኅሣሥ ሰማይ ላይ የደመና ዘር የለም። እናቴ በየቀኑ ምሳ ይዛ ትመጣለች፤ ካድሬው «ዝናብ ሲዘንብ ይፈታል» ይላታል፤ ሰማዩን አይታ ትመለሳለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ካድሬው እየሮጠ መጣ። ካፖርቱን እንኳ አልለበሰም። በሩን በረገደውና፣ «ውሃ አለበት! ና፣ ና ለካው!» አለ። አባቴ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ሄዶ ለካ። ስድስት ነጥብ ሁለት። ካድሬው ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብሎ በፀሐይ እያገላበጠ አየና እንደ ሕፃን ሳቀ። «እውነት ነው ለካ!» አለ። በዚያው ቀን ፈታው።

«ሲዘንብ አልሰሙም ነበር?» አለ ነጋዴው።

«አልሰማሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የወሰደኝ ያን ዕለት ነበር። ግቢው ሁሉ ርሷል፣ ሣሩም። መለኪያው ደግሞ አይዋሽም። ስድስት ነጥብ ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ በወሩ መጨረሻ አዲስ አበባ ላክሁት። በታኅሣሥ እንዲያ ዘንቦ አያውቅም» አለ አባቴ፣ በኩራት።

«ያ ረቢ! የአላህ ሥራ ነው» አለ ነጋዴው።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። በጉልበቷ ሕመም ምክንያት መምጣት ስላልቻለች በየቀኑ ትደውላለች። አባቴ እንዲሰማት ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ይሄ ሁሉ ጫጫታ ምንድን ነው? ሆስፒታል ነው ሠርግ ቤት?» አለች።

«አባዬ የታሰረ ጊዜ የሆነውን እየነገረን ነው እማዬ» አልኳት።

«ምኑን?» አለች። ደንግጣ መሰለኝ።

ነጋዴው ከአልጋው ሆኖ «እናቴ፣ አልሐምዱሊላህ ያ ዝናብ ደረሰላችሁ!» አላት።

«የቱ ዝናብ?»

«ያ የታኅሣሡ። ያስፈታቸው።»

መጀመሪያ የሰማነው ሳል የሚመስል ነገር ነው። ሳቅ መሆኑ የገባን ቆይተን ነው።

«እሱ ዝናብ ነው ብሎ ነገራችሁ?» አለች እናቴ።

አባቴ አንገቱን ከትራስ ላይ አነሣ። «ምን አልሽ?»

«ዝናብ የታለና? እኔ ነኝ ያፈሰስኩት። አንድ ዋንጫ ውሃ። ሊነጋጋ ሲል ሄጄ ጨመርኩበትና የተረፈውን ሣሩ ላይ ረጨሁት። ውርጩም ሲቀልጥ አገዘኝ፤ ግቢው ሁሉ እርጥብ ነበር።»

 ሁላችንም አባቴን እናያለን። እሱ ስልኩን ያያል።

«ስድስት ነጥብ ሁለት እኮ ብዬ ልኬዋለሁ!» አለ። «አዲስ አበባ! በመዝገብ!»

«እንኳን ላክኸው።»

«አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህማ ትሰርዘዋለህ። ሰርዘህ ደግሞ ካድሬው ዘንድ ሄደህ፣ ተሳስተን ነበር፣ ዝናብ አልነበረም ትለዋለህ። አላውቅህም እንዴ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት ልጽፈው አልችልም። ነጋዴው «ያ አላህ፣ ያ አላህ» እያለ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። አንዷ አስታማሚ መሬት ላይ ተቀመጠች።  አባቴ ለመቆጣት አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተና እሱም ፈነዳ። ትራሷን አቅፎ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ፣ «ገደለችኝ! ሴትዮዋ ገደለችኝ!» እያለ ሳቀ።

ሲስተር በሩን በርግዳ ገባች። «ምንድን ነው ይሄ? አባባ! ምን ብዬዎት ነበር?» ሁላችንንም ቦታ ቦታችን መልሳ የአባቴን ፋሻ ገልጣ ስፌቱን አየች፤ ምንም አልሆነም። «ምን ሆናችሁ ነው?» አለች እንደተቆጣች። ነጋዴው ነገራት። ከዜሮ ነጥብ ዜሮ ጀምሮ እስከ ዋንጫው ድረስ በሁለት ደቂቃ ጠቅልሎ ነገራት። ፊቷ ላይ አንዲት ጅማት አልተነቃነቀችም። «በሉ ተኙ» ብላ ወጣች። በሩን እንደዘጋች ግን ኮሪደሩ ላይ ቀጭን ሳቋ እየራቀ ሲሄድ ሰማነው።

በማግሥቱ መብራት መጣ። ላፕቶፑን ሞልቼ ስመጣ ሰዉ ሁሉ ቦታውን ይዞ ጠበቀኝ። ሲስተር የመድኃኒት ትሪዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች፤ «አንድ ደቂቃ ብቻ» አለችና እስከ መጨረሻው አየችው። አዛዡ በሩን ሲከፍት ዶሮ ቤቱ ውስጥ የተገኘው ራሱ ኮሚቴው ነው። ከንቲባው፣ መነጽር ያላት ሴት፣ ሌሎቹም፣ እያንዳንዳቸው ማስረጃ ለመፈለግ በድብቅ ገብተው፣ አንዱ ሌላውን ሲሰማ እየፈራ ከቆጡ ሥር ተደብቀዋል። በሁሉም ባርኔጣ ላይ ላባ አለ። ዶሮ አርቢው ለሁሉም ቁርስ ያበስልላቸዋል፤ እንቁላል፣ ስድስት ስድስት። ነጋዴው «እኔ ግን ቀለሙን አሁንም አላመንኩም» አለ። አባቴ ፈገግ ከማለት በቀር ብዙ አልሳቀም። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር።

በሳምንቱ ከሆስፒታል ወጣ። ቤቴ ጥቂት ቀን አርፎ ወደ አቀስታ ስንሄድ አብሬው ነበርኩ።  መንገዱ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ ገብስ የታጨደበትን ማሳ እያየ፣ «ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ» አለኝ። ለማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

እናቴ በር ላይ ወንበር አውጥታ ጠበቀችን። ሰላምታቸው እንደ ሁልጊዜው ነው፤ «ደህና ገባህ?» «ደህና።» ገብቶ ገና ሳይቀመጥ፣ «ዋንጫው የቱ ነበር?» አላት። «እኔ ምኑን አስታውሼ!» አለች። እሱ ግን ሳይለካ አይተወውም። ከመደርደሪያው ላይ አሮጌ ዋንጫ አወረደች፤ ሲሠራበት የነበረውን መስመር ያለው ብርጭቆ ከሣጥኑ አውጥቶ፣ ዋንጫውን ውሃ ሞልቶ፣ መለኪያው ስድስት ነጥብ ሁለት እስኪደርስ ገለበጠበት። ትንሽ ተረፈ። «የተረፈውን ሣሩ ላይ ረጨሁት አላልኩህም?» አለችው።

ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋሁ። እሱ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ጨምሮ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ። «በተጠቀሰው ታኅሣሥ ወር ከጣቢያው የተላከው ስድስት ነጥብ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝናብ ሳይሆን ባለቤቴ ያፈሰሰችው ውሃ መሆኑን በቅርቡ ስለተረዳሁ፣ በዜሮ ነጥብ ዜሮ እንዲታረም በትሕትና አመለክታለሁ።»

እናቴ ከኋላችን ቆማ ታዳምጥ ነበር። «እኔን ካነሳህ ምክንያቱንም ጻፍ» አለች። «ሰው ሲያነበው እብድ ናት ይለኛል።»

አባቴ እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀበለኝ። በራሱ እጅ፣ በዚያ መዝገብ ላይ በሚጽፍበት ቀጥ ያለ ፊደል፣ «ይህንም ያደረገችው እኔን ከእስር ለማስፈታት ነው» ብሎ ጨመረበት። ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ወረቀቱን ትንሽ ጊዜ አየው።

ደብዳቤውን በማግሥቱ ፖስታ ቤት አስገባሁት። እስካሁን መልስ አልመጣም፤ አባቴም መልስ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ አይመስለኝም። መላኩ በቂው ነው። ነጋዴው ከወግዲ ደውሎ፣ ጀሶው ተፈትቶለት በዱላ መራመድ መጀመሩን ነግሮናል፤ «ሌላ ፊልም ካለ እግሬን ልሰብር እችላለሁ» አለኝ።

ደብዳቤው በተጻፈበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ከጥድ አጥሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ነበር። አባቴ ብዙ ቆይቶ፣ ወደ እናቴ ሳይዞር፣ «ካድሬው ቢይዝሽ ኖሮስ?» አላት።

«ያን ጊዜ አላሰብኩትም» አለች። «ጣቶቼ በውርጩ ደንዝዘው ነበር፤ ዋንጫው እንዳይወድቅብኝ ብቻ ነው ያሰብኩት።»

«በየት በኩል ገባሽ?»

«በዚያ» አለችና በጣቷ አሳየችው። እሱም ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ጎኑን በእጁ ደገፍ አድርጎ፣ በአጥሩ ዳር በዝግታ ወዳሳየችው ቦታ ሄደ። እሷም ጉልበቷን እያሸች ተከተለችው። በየትኛው ጥድ ሥር እንዳለፈች፣ የት ቆማ እንዳዳመጠች፣ የጎረቤቱ ውሻ ለምን እንዳልጮኸ እየነገረችው፣ እሱም እየጠየቃት፣ አጥሩን ጥግ በጥግ ዞሩት።